በአትክልት ተራ የማይሸጠው የጣና ዓሣ

በፒያሳና በመርካቶ መካከል የሚገኘው አትክልት ተራ ስሙን ያገኘው ከሽንኩርትና ከቲማቲም፣ ከድንችና ከጎመን ነው። የጅምላ ንግዱ በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ሳቢያ ወደ ጃን ሜዳ፣ ከዚያም ወደ ላፍቶ ቢዛወርም ሰፈሩ ዛሬም በዚሁ ስም ይጠራል። በአካባቢው ከአትክልቱ ጎን ዓሣም ሲሸጥ ኖሯል፤ በተለይ በጾም ወራት ፈላጊው ይበዛል። ገዢው የሚሰማቸው የዓሣ ስሞች ግን ጥቂት ናቸው፦ ቆሮሶ፣ አምባዛ፣ ነጭ ዓሣ፣ ናይል ፐርች። ብዙው ዓሣ ጭንቅላቱ፣ ቆዳውና አጥንቱ ተወግዶ ፊሌቶ ሆኖ ስለሚቀርብ፣ ከእነዚህ ስሞች የትኛው እንደሆነ ለማወቅ እንኳ የሻጩን ቃል ከማመን ሌላ መንገድ የለም። «ዓሣን መብላት በብልሃት» የሚለው ተረት የተነገረው እሾህ ለሚፈራ በላተኛ ነበር፤ ፊሌቶው እሾሁንም ብልሃቱንም አስቀርቷል።

ይህ አጭር ዝርዝር የገበያ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ብዙም ባላሳሰበ ነበር። ገዢ የሚበላውን እንጂ የሐይቁን ዝርያዎች የማወቅ ግዴታ የለበትም። ችግሩ የገበያው ዝርዝር ወደ ሌሎች መዝገቦች መሻገሩ ነው። የዓሣ ምርት ሲመዘገብ የሚመዘነው ለሽያጭ የወጣው ነው፤ የልማት ዕቅድ ሲነደፍ መነሻ የሚሆነው የተመዘነው ነው፤ የድኅረ ምረቃ ተማሪ የጥናት ርእስ ሲመርጥም ብዙ ጊዜ ዓይኑ የሚያርፈው ዕቅዱ በጠቀሰው ዝርያ ላይ ነው። በኢትዮጵያ ውኃዎች ወደ 200 የሚጠጉ የዓሣ ዝርያዎች እንደሚኖሩ ይገመታል። ከእነዚህ አብዛኞቹ በገበያ ቦታ የላቸውም። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ አንድ ነው፦ ለገበያ የማይወጣ ዓሣ ለገበያ የሚወጣውን የሚያኖር ሊሆን ስለሚችል፣ የሚሸጠውን ብቻ የሚቆጥር መዝገብ ሐይቁን አያውቀውም። ለዚህ ማስረጃ የሚሆነው በርዝመት ከሰው ጣት ብዙም የማይበልጥ አንድ የጣና ዓሣ ነው።

ዓሣው

ዓሣው በሳይንሳዊ ስሙ ኤንተሮሚየስ ታናፔላጂየስ ይባላል። ለሳይንስ የተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ2000 ሲሆን፣ ገለጻውን ያሳተሙት ማርቲን ዴ ግራፍ፣ እሸቴ ደጀን፣ ፈርዲናንድ ሲቢንግ እና ያን ኦሰ ናቸው። በወቅቱ የተሰጠው ስም ባርበስ ታናፔላጂየስ ነበር፤ ትንንሾቹ የአፍሪካ ባርበሶች በኋላ ኤንተሮሚየስ ወደተባለው ወገን ሲዛወሩ እርሱም አብሮ ተዛወረ። የስሙ ሁለተኛ ክፍል ሁለት ቃላትን ያጣመረ ነው፤ አንዱ የሐይቁ ስም ነው፣ ሌላው ከዳር የራቀውን ሰፊ ውኃ ያመለክታል። ስሙ የመኖሪያው አድራሻም ነው ማለት ይቻላል።

ጣና ለሳይንስ እንግዳ ሐይቅ አልነበረም። ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል በ1830ዎቹ ኢትዮጵያን ጎብኝቶ ከሐይቁ ትልልቅ ዓሦች የተወሰኑትን ገልጿል። በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ጆርጅ ቡለንጀር በለንደን ሆኖ ከጣና የተላኩ ናሙናዎችን አጥንቶ ሌሎች ዝርያዎችን ሰይሟል። ከዚያ ቀደም ብሎም ለዘመናት የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ ከደንገል በተሠራ ታንኳ በሐይቁ ላይ ዓሣ ሲያጠምድ ኖሯል። ይህ ሁሉ ሆኖ በሰፊው ውኃ ውስጥ በመንጋ የሚኖር ዓሣ ራሱን የቻለ ዝርያ መሆኑ በጽሑፍ እስኪሰፍር ድረስ ከሩፔል በኋላ ከ160 ዓመት በላይ አልፏል።

ምክንያቶቹ ቀላል ናቸው። ርዝመቱ ከ10 ሴንቲ ሜትር አያልፍም፤ ለገበያ ዓሣ የሚዘረጋው መረብ ዓይን ለእርሱ ወለል ብሎ የተከፈተ በር ነው። በመልክም ኤንተሮሚየስ ሁሚሊስ ከሚባለው የቅርብ ዘመዱ ጋር በቀላሉ ይምታታል። በጣና ትንንሾቹ ባርበሶች ሦስት ናቸው። ሦስተኛው ኤንተሮሚየስ ፕሊዩሮግራማ ሲሆን በጥልቀት አልባ ዳርቻዎችና በረግረጋማ ሥፍራዎች ይበዛል። ሁሚሊስ ለዳር ቀረብ ብሎ ይኖራል፤ ዞፕላንክተን የሚባሉትን ደቃቅ የውኃ እንስሳትም፣ በሐይቁ ወለል ላይ የሚገኙ ነፍሳትንም ይመገባል። ታናፔላጂየስ ግን ከዳር ርቆ በሰፊው ውኃ ይኖራል፤ ምግቡም ከሞላ ጎደል ዞፕላንክተን ብቻ ነው። ሦስቱ ዘመዳሞች አንዱን ሐይቅ በቦታና በምግብ ተከፋፍለውታል።

መኖሪያው

ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የሚገኝ፣ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት ያለው ሐይቅ ነው። ከስፋቱ ጋር ሲነጻጸር ጥልቀቱ እጅግ ትንሽ ነው፤ በአማካይ 8 ሜትር፣ ከፍተኛው 14 ሜትር ያህል ነው። ግልገል ዓባይ፣ ርብ፣ ጉማራና መገጭ ዋናዎቹ ገባር ወንዞቹ ናቸው፤ የሚወጣው ወንዝ ዓባይ ብቻ ነው። ዓባይ ከሐይቁ ወጥቶ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ በጢስ ዓባይ 40 ሜትር ገደማ ይወረወራል። ከታች የሚመጣ ዓሣ ይህን ፏፏቴ መውጣት አይችልም። ናይል ፐርች በጣና የሌለውም በዚሁ ምክንያት ነው። ፏፏቴው ሐይቁን ከቀረው የዓባይ ተፋሰስ ዓሦች ነጥሎ በማቆየቱ በጣና ብቻ የሚገኙ ዝርያዎች ሊፈጠሩ ችለዋል።

ታናፔላጂየስ ሕይወቱን ያሳረፈው በዚህ ሰፊ ውኃ ግልጽነት ላይ ነው። በውኃው የሚበቅለውን ደቃቅ አልጌ ዞፕላንክተን ይመገበዋል፤ ዞፕላንክተኑን ደግሞ ዓሣው። ሐይቁ ጥልቀት ስለሌለው ነፋስ ሲነሣ ወለሉ ይታመሳል፤ በክረምት ገባር ወንዞች ከታረሰውና ከተራቆተው ተዳፋት አፈር ጠርገው ሲያመጡ ደግሞ ውኃው ቡናማ ይሆናል። የውኃው መደፍረስ ብርሃን ስለሚከለክል የአልጌውን እድገት ይቀንሳል፣ የዞፕላንክተኑንም ስርጭት ይወስናል። ስለዚህ በጉማራ ወይም በርብ ተፋሰስ ላይ የሚታጠብ ማሳ ከዳር ብዙ ኪሎ ሜትር ርቆ የሚኖረውን ዓሣ ምግብ ይነካል። የአፈር ጥበቃ ሥራ በግብርና መዝገብ እንጂ በዓሣ መዝገብ ስለማይጻፍ ይህ ግንኙነት በቀላሉ ይዘነጋል።

ሌላም የማይታይ ትስስር አለ። ሊጉላ የሚባል የኮሶ ዘመድ የሆነ ጥገኛ ትል በመጀመሪያ በዞፕላንክተን ውስጥ ይገባል፤ ዞፕላንክተኑን የበላው ትንሽ ባርበስ ሆድ ውስጥ ያድጋል፤ ዓሣውን የበላው የውኃ ወፍ ውስጥ ዑደቱን ይፈጽማል። ትሉ የዓሣውን የመራባት አቅም ያዳክማል። አንድ የጣት ርዝመት ያለው ዓሣ በአልጌ፣ በዞፕላንክተን፣ በጥገኛ ትልና በወፍ መካከል መገናኛ መሆኑን ይህ ብቻ ይበቃል ለማሳየት።

ከትልልቆቹ ጋር ያለው ቁርኝት

በአትክልት ተራ «ነጭ ዓሣ» ተብሎ የሚሸጠው ሥጋ ከጣና የመጣ ከሆነ፣ ላቤዎባርበስ ከሚባሉት ትልልቅ ባርበሶች የተገኘ ሊሆን ይችላል። እነዚህ ዓሦች ለረጅም ጊዜ በሳይንስም በጅምላ ሲጠሩ ቆይተዋል። እ.ኤ.አ. በ1973 ኪት ባኒስተር ያሳተመው ጥናት ባርበስ ኢንተርሚዲየስ በሚል አንድ የዝርያ ስም ሥር ጠቅልሏቸው ነበር። በ1990ዎቹ ሊዮ ናግልከርከና ፈርዲናንድ ሲቢንግ የአካላቸውን ቅርጽ፣ ምግባቸውንና የሚኖሩበትን ቦታ መርምረው በጣና 15 ዝርያዎች እንዳሉ አሳዩ። አንዱ ስም ሲፈታ 15 ሆነ።

ከ15ቱ ስምንቱ ዓሣ በል ናቸው። ይህ በካርፕ ቤተሰብ ዘንድ ያልተለመደ ነገር ነው። የዚህ ቤተሰብ ዓሦች በመንጋጋቸው ላይ ጥርስ የላቸውም፤ ጥርሳቸው በጉሮሯቸው ውስጥ ነው፣ የጉሮሯቸውም ክፍተት ጠባብ ነው። ስለዚህ እንደ ናይል ፐርች ትልቅ ዓሣ ይዘው መዋጥ አይችሉም፤ የሚመቻቸው ትንሽና ቀጭን ዓሣ ነው። ማርቲን ዴ ግራፍ እ.ኤ.አ. በ2003 በቫኸኒንገን ዩኒቨርሲቲ ባቀረበው የዶክትሬት ጥናት ያተኮረው በእነዚሁ ዓሣ በሎች ላይ ነበር። በዚያው ዓመት እሸቴ ደጀን በዚያው ዩኒቨርሲቲ ስለ ትንንሾቹ ባርበሶች ሥነ ምህዳርና ለምርት ስላላቸው ተስፋ የዶክትሬት ጥናቱን አቅርቧል። ሁለቱ ሥራዎች ጎን ለጎን ሲነበቡ መልእክታቸው ግልጽ ነው፦ ትንንሾቹ ባርበሶች የዓሣ በሎቹ ዋና ምግብ ናቸው። ለገበያ የማይቀርበው ዓሣ ለገበያ በሚቀርበው ዓሣ ሥጋ ውስጥ አለ።

ስም ማጣት የሚያስከትለው ጉዳት

በጣና እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ በሞተር ጀልባና በዘመናዊ መረብ የሚካሄድ የዓሣ ምርት ተስፋፋ። ከትልልቆቹ ባርበሶች ቢያንስ ሰባቱ በክረምት ወደ ገባር ወንዞች ወጥተው እንቁላላቸውን ይጥላሉ። ዓሦቹ በወንዝ አፍ ላይ ሲሰበሰቡ መረብ ይጠብቃቸዋል፤ በአንድ ወቅት በአንድ ቦታ ስለሚከማቹ ለአጥማጁ ቀላል ምርት ናቸው። ዴ ግራፍና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2004 ያሳተሙት ጥናት ከ1991 እስከ 2001 ባሉት ዓመታት የትልልቆቹ ባርበሶች ክምችት በክብደት 75 በመቶ ያህል መቀነሱን አመለከተ።

ይህ ውድቀት ሊታወቅ የቻለው ተመራማሪዎቹ ዝርያ እየለዩ፣ በተመሳሳይ መረብ፣ በተመሳሳይ ቦታዎች ከዓመታት በኋላ ተመልሰው ስለቆጠሩ ነው። በገበያ ሚዛን ላይ የተመሠረተ መዝገብ ይህን ሊያሳይ አይችልም ነበር። አንዱ ዝርያ ሲጠፋ ሌላው በዚያው ስም ይሸጣል፤ «ነጭ ዓሣ» መሸጡ እስካልቆመ ድረስ ገዢም፣ ነጋዴም፣ ዕቅድ አውጪም የጎደለ ነገር አይታየውም። በአንድ ስም የተጠሩ 15 ዝርያዎች ከ15 ወደ 5 ቢወርዱ ስሙ እንዳለ ይቀጥላል።

ለትልልቆቹ ቢያንስ የጅምላ ስም አላቸው። ታናፔላጂየስ ግን ያም የለውም። ክምችቱ ቢቀንስ በየትኛውም የገበያ መዝገብ ላይ አንድ ቁጥር አይነቃነቅም። የሚታየው ውጤት ከዓመታት በኋላ የዓሣ በሎቹ መክሳትና ማነስ ይሆናል፤ ያን ጊዜም ምክንያቱ በመረብ ብቻ ሊሳበብ ይችላል። መረብ ጥፋተኛ መሆኑ እውነት ነው፤ ብቸኛው ጥፋተኛ መሆኑ ግን ያልተለካ ግምት ነው።

በሐይቁ ላይ የመጡት ለውጦችም ጥቂት አይደሉም። በዓባይ መውጫ ላይ የተሠራው የጨረጨራ መቆጣጠሪያ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ የሐይቁን ከፍታ ሰው የሚወስነው አድርጎታል። የጣና በለስ ኃይል ማመንጫ እ.ኤ.አ. በ2010 ሥራ ሲጀምር ውኃው በሌላ አቅጣጫም መውጣት ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ2011 እምቦጭ በሐይቁ ላይ መታየቱ ተመዘገበ፤ ከዚያ ወዲህ በተለይ የሰሜንና የሰሜን ምሥራቅ ዳርቻዎችን ሲያስጨንቅ ቆይቷል። ሐይቁ እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። ስለ እምቦጭ የተደረገው ርብርብ የሚመሰገን ነው፤ አረሙ በዓይን ስለሚታይ ሁሉም ተረባርቧል። በዓይን ለማይታየው ለሰፊው ውኃ ለውጥ ግን ተመሳሳይ ትኩረት አልተሰጠም።

የሌሎች ሐይቆች ምስክርነት

የጣና ጉዳይ በዓለም ብቸኛ አይደለም። በአውስትራሊያ ኩዊንስላንድ በእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ውስጥ የተፈጠረ ኢቻም የሚባል ትንሽ ሐይቅ አለ። በዚህ ሐይቅ ውስጥ ይኖር የነበረውን የቀስተ ደመና ዓሣ ጄራልድ አለንና ኖርበርት ክሮስ እ.ኤ.አ. በ1982 አዲስ ዝርያ ብለው ሰየሙት። በዚያው አሥር ዓመት መጨረሻ ዓሣው ከሐይቁ ጠፋ። ምክንያቱ ሰዎች ከሌላ ውኃ አምጥተው የለቀቋቸው ዓሣ በል ዝርያዎች ነበሩ። ዝርያው ጨርሶ ሳይጠፋ የተረፈው የጌጥ ዓሣ አርቢዎች በመስታወት ገንዳ ስላቆዩትና በኋላም በአቅራቢያ ባሉ ጅረቶች ዘመዶቹ ስለተገኙ ነው። ከስያሜ እስከ መጥፋት ያለፈው ጊዜ አንድ ተማሪ ከመጀመሪያ ዲግሪ እስከ ዶክትሬት ከሚፈጅበት ብዙም አይበልጥም።

ለጣና ይበልጥ የሚቀርበው ምሳሌ በፊሊፒንስ ሚንዳናኦ ደሴት የሚገኘው የላናዎ ሐይቅ ነው። ላናዎ እንደ ጣና ከካርፕ ቤተሰብ የሆኑ፣ በሐይቁ ብቻ የሚገኙ ብዙ ዝርያዎች ነበሩት። ባዕድ ዓሦች በመግባታቸውና ከልክ ያለፈ ማጥመድ በመካሄዱ፣ የዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2020 ከእነዚህ 15ቱ መጥፋታቸውን ይፋ አደረገ። ከዚህ ወዲህ በአንድ ሐይቅ ውስጥ ተራብተው የበዙ የትልልቅ ካርፕ ዘመዶች ስብስብ የት አለ ተብሎ ሲጠየቅ በመጀመሪያ የሚጠራው ጣና ነው።

ጢስ ዓባይ ናይል ፐርችን ከጣና አግዷል፤ በበርሜል የሚጓጓዝን ጫጩት ግን ፏፏቴ አያግድም። በተፋሰሱ ውስጥ የሚቋቋሙ የዓሣ ኩሬዎች የሚያረቡት ዝርያ ከየት እንደመጣ ማጣራት የኩሬው ባለቤት ጉዳይ ብቻ ሆኖ ሊቀር አይገባም።

ተቃራኒው ክርክር

በዚህ አቋም ላይ ሊነሣ የሚችል ጠንካራ ተቃውሞ አለ። በሀገሪቱ የምግብ እጥረት ባለበት፣ ማንም ያልነካው የዓሣ ክምችት በሐይቁ መካከል ሲዋኝ እያዩ «አትንኩት» ማለት የጠገበ ሰው ምክር ሊመስል ይችላል። የቪክቶሪያ ሐይቅ ተሞክሮም ይህን ተቃውሞ ያጠናክራል። በኬንያ ኦመና፣ በታንዛንያ ዳጋ፣ በኡጋንዳ ሙኬኔ የሚባለው ትንሽ የብር ቀለም ያለው ዓሣ የካርፕ ቤተሰብ ነው፤ ምግቡም ዞፕላንክተን ነው። ዛሬ ከሐይቁ ምርት በክብደት ትልቁን ድርሻ ከሚይዙት አንዱ ነው። በፀሐይ ደርቆ ከነአጥንቱ ስለሚበላ ለድሃ ቤተሰብ ርካሽ የፕሮቲንና የካልሲየም ምንጭ ሆኗል። ጣና ለምን የራሱ ኦመና አይኖረውም?

ጥያቄው ተገቢ ነው፤ የእሸቴ ደጀን ጥናትም ትንንሾቹን ባርበሶች ለምርት የማዋልን ዕድል በቁም ነገር መርምሯል። ይሁን እንጂ በሁለቱ ሐይቆች መካከል ሁለት ልዩነቶች አሉ። አንደኛ፣ በቪክቶሪያ ኦመና እጅግ የገነነው ናይል ፐርች ብዙዎቹን የሐይቁን ነባር ዓሦች ካጠፋ በኋላ ነው፤ ያ ሐይቅ ብዙ ነገር ከከፈለ በኋላ የቀረውን ነው የሚያጠምደው። ጣና ገና ያልከፈለውን ዕዳ አስቀድሞ መክፈል አይጠበቅበትም። ሁለተኛውና ዋነኛው የመረቡ ጉዳይ ነው። ታናፔላጂየስን የሚይዝ መረብ ዓይኑ ጠባብ መሆን አለበት። ጠባብ ዓይን ያለው መረብ ደግሞ የ7 ሴንቲ ሜትር ታናፔላጂየስንና የ7 ሴንቲ ሜትር የትልቅ ባርበስ ጫጩትን መለየት አይችልም። አንዱን ለማምረት የተዘረጋ መረብ የሌላውን ተተኪ ትውልድ ሊጠርግ ይችላል። ክምችታቸው በአሥር ዓመት ውስጥ ሦስት አራተኛ ለጎደለ ዓሦች ይህ ቀላል አደጋ አይደለም።

ስለዚህ ክርክሩ «ይጠመድ» እና «አይጠመድ» በሚሉ ሁለት ጎራዎች መካከል መሆን የለበትም። ጉዳዩ የቅደም ተከተል ነው፦ መጀመሪያ ይቆጠር፤ ዓሣ በሎቹ የሚወስዱት ድርሻ ይታወቅ፤ ጫጩቶቹ የት የት እንደሚውሉ ይለይ፤ ከዚያ ለሰው የሚተርፍ ካለ የት፣ መቼና በምን መረብ እንደሚወሰድ ይወሰን።

ምን ይደረግ?

ለዚህ የሚያስፈልገው ሥራ ከድኅረ ምረቃ ተማሪ አቅም በላይ አይደለም። አብዛኛው በርካሽ መሣሪያ የሚሠራ ነው።

የመጀመሪያው ሥራ ያለው በባሕር ዳር የዓሣ ማራገፊያዎች ነው። በአትክልት ተራ የሚደርሰው ዓሣ ሆድ ዕቃው ወጥቶ ስለሆነ ስለ አመጋገቡ ምንም አይናገርም። በባሕር ዳር ግን የዓሣ በሎቹ ሆድ ዕቃ በየቀኑ ይጣላል። በዚያ ሆድ ዕቃ ውስጥ ስንት ታናፔላጂየስ፣ ስንት ሁሚሊስ እንዳለ በየወሩ ቢቆጠር፣ ማንም መረብ ሳይዘረጋ የትንንሾቹን ባርበሶች መብዛትና ማነስ የሚከታተል ተከታታይ መረጃ ይገኛል። የሚያስፈልገው ቢላ፣ ማጉያ መነጽር፣ መዝገብና ትዕግሥት ነው። ዓሣ በሎቹ በራሳቸው ፈቃድ ናሙና ሰብሳቢዎች ናቸው። መረጃው በአንድ የመመረቂያ ጽሑፍ ተጀምሮ በዚያው እንዳይቀበር ግን እያንዳንዱ ተተኪ ተማሪ የቀዳሚውን ዘዴ ሳይለውጥ እንዲቀጥል ክፍለ ትምህርቶች መስማማት ይኖርባቸዋል።

ሁለተኛው ሥራ በአዲስ አበባ ነው። በአትክልት ተራ አካባቢም ሆነ በሌሎች የከተማዋ የዓሣ መሸጫዎች በ«ነጭ ዓሣ» ስም የሚሸጠው ሥጋ ከየትኛው ሐይቅና ከየትኛው ወገን እንደመጣ በዘረመል ምርመራ መለየት ይቻላል። አጥንትና ቆዳ ባይኖርም ሥጋው ራሱ መታወቂያውን ይዟል። በጣና ያሉት 15ቱ የቅርብ ዘመዳሞች በመሆናቸው የተለመደው አጭር የዘረመል ምልክት ብቻውን እያንዳንዱን ላይለይ ይችላል፤ ቢያንስ ግን የጣናን ባርበስ ከናይል ፐርችና ከቆሮሶ ይለያል፣ የስሙንም እውነተኛነት ይፈትናል። ሸማቹ ለከፈለው ገንዘብ የሚገባውን ያውቃል፤ ተመራማሪውም ከየሐይቁ ምን ያህል ጫና ወደ ከተማ እንደሚመጣ ይገምታል።

ሦስተኛው የሕግ አፈጻጸም ነው። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ከወጣ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ሕግ የለም ማለት አይቻልም። የሚጎድለው ሕጉ የሚመራበት የዝርያ ደረጃ መረጃ ነው። የትንንሾቹ ባርበሶች ክምችትና የጫጩቶቹ መዋያ እስኪታወቅ ድረስ በጣና ሰፊ ውኃ ጠባብ ዓይን ያለው መረብ ለምርት እንዳይዘረጋ መከልከል ሊወሰድ የሚገባው ጥንቃቄ ነው። ክልከላው ለጥናት የሚዘረጋን መረብ እንዳይነካ፣ የጥናቱም ውጤት በተወሰነ ጊዜ ቀርቦ ክልከላው እንዲመረመር ቢደረግ፣ ጥንቃቄው የዘላለም እገዳ እንዳይሆን ይረዳል።

አራተኛው የስም ጉዳይ ነው። ታናፔላጂየስ በአማርኛ የሚጠራበት የታወቀ ስም በመጻሕፍት አይገኝም። ተመራማሪዎች በቢሮ ተቀምጠው ስም ከማውጣታቸው በፊት በሐይቁ ላይ የሚውሉትን አጥማጆች፣ በተለይም የነገደ ወይጦን ሽማግሌዎች መጠየቅ አለባቸው። ትንሹን የዳር ዓሣና ትንሹን የመሐል ዓሣ የሚለዩበት ቃል ካላቸው ያ ቃል የሳይንስም ሀብት ነው። ከሌላቸውም አለመኖሩ ራሱ አንድ ግኝት ነው። በእንግሊዝኛ ብቻ የተጻፈ ጥናት ወደ አጥማጁ፣ ወደ ነጋዴውና ወደ ወረዳው ባለሙያ አይደርስም፤ ስለ ጣና የሚጻፍ ማንኛውም የመመረቂያ ጽሑፍ ቢያንስ አጠቃሎው በአማርኛ እንዲቀርብ ቢደረግ ወጪው ጥቂት ገጽ ብቻ ነው።

ማጠቃለያ

አትክልት ተራ ንግዱ ከሄደ በኋላም ስሙ የቀረለት ሰዎች ለረጅም ዘመን ስለጠሩት ነው። ታናፔላጂየስ ግን በሕዝብ አፍ የሚጠራበት ስም ሳያገኝ ሊጠፋ የሚችል ዓሣ ነው። ቢጠፋ የገበያው ዋጋ በማግስቱ አይለወጥም፤ ፊሌቶውም ለጥቂት ዓመታት መምጣቱን ይቀጥላል። ጉዳቱ የሚታወቀው ዘግይቶ፣ ምክንያቱም በማይለይበት ጊዜ ይሆናል።

ይህ እንዳይሆን የሚያስፈልገው መጀመሪያ ትልቅ በጀት ወይም አዲስ ተቋም አይደለም። የሚያስፈልገው ከገበያው ዝርዝር ውጭ የሚያይ መዝገብ ነው። የዓሣ ሀብት ትምህርት የሚማር ተማሪ የጥናት ርእስ ሲመርጥ «ምን ይሸጣል?» ከሚለው ጥያቄ ጎን «የሚሸጠውን ምን ይመግበዋል?» ብሎ ቢጠይቅ፣ በጣና ጉዳይ መልሱን ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። በባሕር ዳር የዓሣ ማራገፊያ የሚጣለውን ሆድ ዕቃ ከፍቶ መቁጠር ይበቃዋል።